ሌሊት የምትሠሩ ሁሉ፦ ምግባችሁ ሳይጨምር ክብደታችሁ ጨምሯል?

ነርስ ነኝ፤ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የተኝቶ ሕክምና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሌሊት መግባት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። በወር ከስምንት እስከ ዐሥር ሌሊት ይደርሰኛል። እኛ ዱቲ የምንለው ይህ ተራ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ይጀምርና በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ያበቃል። ሥራ ስጀምር 58 ኪሎ ነበርኩ፤ ባለፈው ሳምንት በክፍላችን ሚዛን ላይ ስወጣ 71 አሳየኝ።

ቤተ ሰቦቼ ምክንያቱን ያወቁት ይመስላቸዋል፤ ቀን ስለምትተኚ ነው ይሉኛል። በእኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥቶ የሚተኛ ሰው ስሙ ሰነፍ ነው። እኔ ግን መቼ ተኛሁ? 3 ሰዓት ላይ ቤት ገብቼ መጋረጃ ስስብ ጎረቤት የብረት በር ያስበይዳል፣ ቆራሌው በመንገዱ ይጮሃል፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የጣሪያው ቆርቆሮ ሙቀት ያነቃኛል። ስምንት ሰዓት ልተኛ አስቤ አራት ሰዓት ተኩል ካገኘሁ ጥሩ ቀን ነው።

ስለዚህ የምበላውን ሁሉ ለሁለት ሳምንት በደብተር መዘገብኩ። ድሮ ቀን ብቻ ስሠራ ከምበላው አይበልጥም። የተለወጠው ሰዓቱ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የታካሚዎቹን ሙቀትና የደም ግፊት ለክቼ ስጨርስ ሆዴን አንድ ነገር ይቆነጥጠኛል፤ ረሃብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን እንደ ረሃብ ያዝዘኛል። ከፔርሙስ ሻይ እቀዳለሁ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር እጨምራለሁ፣ ብስኩት እከፍታለሁ። በዚያ ሰዓት ሽሮ ወይም ጎመን አምሮኝ አያውቅም፤ የሚያምረኝ ጣፋጭ ብቻ ነው።

የእኔ እምነት ይህ ነው፦ ሌሊት የሚሠራን ሰው የሚያወፍረው የምግቡ ብዛት ሳይሆን የሚበላበት ሰዓትና ያጣው እንቅልፍ ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። ሌሊት የምትሠሩም የደረሰባችሁን ጻፉ።

ይህን ከለጠፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነው። 25 መልሶች መጥተዋል፤ የመልሶቹ ክር ረዝሞ መሐሉን ማግኘት ስላስቸገረ፣ አዲስ ለሚገቡ ሰዎች እንዲመች የተባለውን በየቁጥሩ እዚህ አሰፍራለሁ። ያስቆጡኝንም አልዘለልኩም።

ቁጥር 1 በአንድ መጋዘን በጥበቃ ሥራ ላይ ያሉ የ54 ዓመት አባት ናቸው። በትሕትና ጤና ይስጥልኝ ብለው ጀመሩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሌሊት ቆመዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀበቶአቸውን ሁለት ቀዳዳ እንዳላሉ፣ አሁን ግን ምንም ሳያደርጉ መልሰው እያጠበቁት እንደሆነ ጻፉ። ውሃ ጥም እንደሚበዛባቸውና በሌሊት አምስት ጊዜ ያህል ሽንት እንደሚያመላልሳቸውም አነሡ፤ ይህን ግን በጥበቃ ቤቷ ብርድ ነው ያመካኙት። እኔም አንብቤ አመስግኛቸው አለፍኩ። ነርስ ሆኜ ማለፌ አሁን ድረስ ይቆጨኛል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቁጥር 2 የስፖርት አሠልጣኝ ነው፤ አልማረኝም። ወፍራም ሰው ሁሉ ጥቂት ነው የምበላው እንደሚል፣ ሰዓት ካሎሪ እንደማይጨምር፣ ደብተሬ ውስጥ የሻይ ስኳር መኖር አለመኖሩን እንድመለከት ነገረኝ። ተመለከትኩ። የለም። እንጀራውን በግማሽ ሳይቀር መዝግቤ ስኳሩን ረስቼዋለሁ። በአንድ ሌሊት አራት ብርጭቆ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ፤ ዐሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው፣ ወደ 200 ካሎሪ ይጠጋል። በዚህ በኩል ትክክል ነበር፤ የምበላው አልጨመረም ማለቴን አንሥቻለሁ። ሰዓት ለውጥ አያመጣም ባለው ግን አልተስማማሁም፤ ያልተስማማሁትም እኔ ብቻ አይደለሁም።

ቁጥር 3 በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ስለ ሰውነት አሠራር የሚያስተምር ሰው ነው፤ ከክሩ ሁሉ ብዙ የተማርኩት ከእርሱ ነው። በአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል ውስጥ በዓይን በኩል በሚገባ ብርሃን የሚቃኝ ሰዓት እንዳለ፣ ጉበትም ቆሽትም ጡንቻም የየራሳቸው ሰዓት ይዘው ይህን ዋናውን እንደሚከተሉ አስረዳ። ሆል፣ ሮዝባሽና ያንግ የተባሉት ሦስት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህ ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ አጥንተው በማሳየታቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ሻይ መጣ። ጨለማ ሲመጣ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ይጨምራል፤ በዚያ ሰዓት ቆሽት የደም ስኳርን ዝቅ የሚያደርገውን ኢንሱሊን የሚያመነጨው በስንፍና ነው። ስለዚህ ጠዋት የተጠጣና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የተጠጣ አንድ ዓይነት ሻይ በደም ውስጥ የሚተዉት የስኳር መጠን አንድ አይደለም።

ማስረጃ ብሎ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የቦስተን ጥናት ነው። 19 ጤነኛ ሰዎች ለ14 ቀናት በምርምር ክፍል ውስጥ ሆነው ሌሊት እንደሚሠራ ሰው ሌሊት ነቁ፣ ቀን ተኙ። ግማሾቹ እኛ እንደምናደርገው ሌሊትም በሉ፤ ሌሎቹ ሌሊት ነቅተው የበሉት ግን በቀን ብቻ ነው። ሌሊት የበሉት ሰዎች የደም ስኳር በአማካይ 6.4 በመቶ ሲጨምር፣ ቀን ብቻ የበሉት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ይህ ስለ ስኳር እንጂ ስለ ክብደት እንዳልሆነ፣ የተጠኑትም ጥቂት ሰዎች እንደሆኑ አክሎ አስጠነቀቀ። አያቴ ሰዓት ስታስተምረን ከፀሐይ ጋር ነበር፤ ፀሐይ ስትወጣ 12 ነው፣ ስትገባም 12 ነው። ቆሽቴም የሚቆጥረው በአያቴ ሰዓት መሆኑን ያወቅሁት በዚህ መልስ ነው።

ቁጥር 4 ላይ አንድ ሰው ደብተራዎቹን አነሣ። ማኅሌት ቆመው የሚያነጉ ካህናት ለምን አይወፍሩም ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ለቀልድ የተጻፈ ይመስላል፤ ቁጥር 5 ግን ቁም ነገር አድርጎ መለሰለት። ራሱ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። ማኅሌት በየዕለቱ እንደማይቆም፣ የሚቆም ሰውም ሌሊቱን እህል ውሃ እንደማይቀምስ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ቆሞ፣ ዘሞ፣ አሸብሽቦ እንደሚያነጋ አስታወሰ። ልዩነቱ ታዲያ ቁጥር 3 ያለው ነው፦ ነቅተዋል፣ ግን አልበሉም።

ቁጥር 6 ላይ ክሩ መራራ ሆነ። ጸሐፊው አባቱን ሆስፒታል አስተኝቶ ያደረበትን ሌሊት አነሣ። ነርሶች ሌሊት የሚሠሩ ሳይሆኑ ተከፍሏቸው የሚተኙ መሆናቸውን፣ እርሱ ደጋግሞ በር ሲያንኳኳ የሰማው እንዳልነበረ፣ እኔም ስለ ኪሎዬ ከማልቀስ ስለ ታካሚዎቼ ባስብ እንደሚሻል ጻፈ። ቁጥር 7፣ የሥራ ባልደረባዬ ያልሆነች ግን የሙያ እህቴ የሆነች ነርስ፣ ከእርሱ በባሰ ቃል መለሰችለት፤ አስተዳዳሪው ግማሹን ሰርዞታል። መሰረዙ ተገቢ ነበር።

ቁጥር 8 የራሴ ነው። በሩን ሲያንኳኳ ያደረው ልጅ እውነቱን ነው፤ ያ ሌሊት የእርሱና የአባቱ ነው፣ ማንም ሊነጥቀው አይችልም። እኔም የራሴን ሌሊት ነገርኩት። ሁለት ነርሶች ለ34 ታካሚዎች ነበርን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት አልፏል። የአንዲት እናት ግሉኮስ ላይ ቆሜ ጠብታውን በሰዓቴ ቆጥሬ አስተካከልኩ፣ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ፣ ብዕሬን አነሣሁ። ቆጥሬ ነው የመጣሁት ወይስ ልቆጥር አስቤ? አላስታወስኩም። ተመልሼ ሄጄ ቆጠርኩ። ተቀመጥኩ፤ ደግሞ ጠፋኝ። በሦስተኛው ጉዞዬ ሴትየዋ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና ልጄ ትንሽ አረፍ በዪ አለችኝ። በዚያ ሌሊት የተሳሳተ ነገር አልተሰጣትም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንን ሰዓት እፈራዋለሁ። የሰውነት ሙቀት ዝቅ የሚለው ከንጋት በፊት ባሉት በእነዚሁ ሰዓታት ነው፤ ማሰብም አብሮ ይዘቅጣል። ነርስ በሌሊት ጥቂት እንድታርፍ ተራ የሚያስይዝ ክፍል ታካሚውን እየጠበቀ ነው እንጂ እየበደለ አይደለም። በሩ ላይ የሚመልስ ሰው ግን ሁልጊዜ መኖር አለበት፤ በዚህ ከቁጥር 6 ጋር አንድ ነኝ። ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

ከቁጥር 9 እስከ 11 ወሬው ወደ ቡናና ጫት ሄደ። በአዲስ አበባና ጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ጫት እየቃመ ሌሊት እንደሚጓዝ፣ አንድ ኪሎም እንዳልጨመረ፣ ስለዚህ መፍትሔው በእጃችን እንዳለ ጻፈ። ቁጥር 10 አብሮት የነዳ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ሚሌ ከመድረሳቸው በፊት መንገድ ዳር ተገልብጠው ያዩአቸውን መኪናዎች እንዲያስታውስ ብቻ ጠየቀው። ቁጥር 11 ላይ ቁጥር 3 ተመልሶ መጣ፦ ጫት ረሃብንም እንቅልፍንም ይሸፍናል እንጂ የእንቅልፉን ዕዳ አይከፍልም። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው እጁና ዓይኑ የሚሠሩት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ያለበትን ሰው ያህል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1997 ተለክቶ መታተሙን ጠቀሰ። ስለ ቡና ያለው ደግሞ ለእኔ ነበር፤ የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ብቻ ከሰውነታችን እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። 11 ሰዓት ሊነጋጋ ሲል የምጠጣት ስኒ 3 ሰዓት ላይ አልጋዬ ውስጥ አብራኝ ትገባለች ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ቡና አልቀመስኩም፤ እንቅልፌ በአንድ ሰዓት ገደማ ረዝሟል።

ቁጥር 12 ካንሰርን አነሣና ብዙ ሰው አስደነገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሌሊት ሥራን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚታሰቡት ነገሮች ምድብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳስገባው፣ በ2019 መርምሮም እዚያው እንደተወው ጻፈ። እውነት ነው። ቁጥር 13 ግን ምድቡ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ እንጂ ስለ አደጋው መጠን እንዳልሆነ አረመው፤ ቀይ ሥጋም ከ2015 ጀምሮ በዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ይህን ማለቱ ነው ጥፋቱ። ከ14 እስከ 16 ያሉት ሦስት መልሶች ስለ ቁርጥ ናቸው፤ ጥብስ ይሻላል ወይስ ጥሬው፣ ኮሶስ፣ በፋሲካ ማግስት ሐኪም ቤት ለምን ይሞላል። አልፌአቸዋለሁ።

ቁጥር 17 ከአሜሪካ፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት የምትሠራ እህት ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፣ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። የጻፈችው ረጅም ነበር፤ ከሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ይህ ነው፦ ከሥራ መጥታ ልጆቿን ለትምህርት ቤት ታዘጋጃለች፣ ትሸኛለች፣ ትተኛለች፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ትነሣለች፤ ትንሹ ልጅ እናቱ ሁልጊዜ በሌሊት ልብስ ወይም በሥራ ልብስ ውስጥ ያለች ሰው እንደሆነች አድርጎ ሥሏት አገኘች። ምክርም ሰጠች። መስኮቷን በወፍራም ጥቁር መጋረጃ ሸፍናለች፣ ስልኳን ሌላ ክፍል ትተዋለች፣ ዋና ምግቧን ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ትበላለች፣ ሌሊት ውሃና ትንሽ ለውዝ ብቻ። ወደ ቤት ስትነዳ ፀሐይ እንዳያነቃት ጥቁር መነጽር ታደርጋለች። ቁጥር 18 የመጨረሻውን ተቃወመ፦ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያደረን ሹፌር ከእንቅልፍ የሚታደገው ያው ብርሃን በመሆኑ፣ መነጽሩ ለሚነዳ ሳይሆን በአውቶቡስ ለሚሄድ ይሁን አለ። ትክክል ነው፤ እርሷም ተቀብላዋለች።

ቁጥር 19 የአንድ ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ በሕጉ መሠረት ሌሊት ለሚሠራ ሁሉ ደመወዙ በ1.75 ተባዝቶ እንደሚከፈል አበሠረን። ቁጥር 20 አበሠረን የተባለውን አፈረሰው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያ ክፍያ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ እንጂ ለመደበኛ የሌሊት ተራ አይደለም፤ የመንግሥት ሠራተኛም በሌላ አዋጅ ነው የሚተዳደረው። በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ይህን ብታነብ ብሎ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፤ ይኸው አዋጅ ነፍሰ ጡር ሴት በእነዚያ ሰዓታት ሥራ ላይ እንዳትመደብ ይከለክላል። ለምን እንዲህ ለይቶ እንደጻፈ አልገለጸም። ሚስቱ ትሆናለች ብዬ አሰብኩ።

ቁጥር 21 ከሪያድ የመጣች አጭር መልስ ናት። የቤት ሠራተኛ ናት። በረመዳን ቤቱ ሌሊት እንደሚነቃ፣ ቀን ደግሞ ልጆቹ እንደማይተኙ፣ የእርሷ ተራ ግን የትኛው እንደሆነ ነግሯት የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ጻፈች። ብዙዎቻችን አይዞሽ አልናት። ሌላ ምን እንደሚባል አላወቅሁም፤ እኔ ቢያንስ 2 ሰዓት ሲሆን ፊርማዬን ፈርሜ እወጣለሁ።

ቁጥር 22 የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ሁላችንም ስለ ሥጋና ስለ ክፍያ ስንነታረክ እርሱ ወደ ላይ ተመልሶ ቁጥር 1ን አንብቧል። ጋሼን በስማቸው ሳይሆን በቁጥራቸው ጠርቶ፣ ውሃ ጥም፣ ሌሊት ደጋግሞ መሽናትና ያለ ምክንያት መክሳት አንድ ላይ ሲመጡ የብርድ ሥራ እንዳልሆኑ፣ በዚያው ሳምንት ስኳራቸውን እንዲለኩ ለመናቸው። መልሱን ሳነብ ፊቴ ጋለ። በየቀኑ ለታካሚ የማስተምረውን ምልክት ሦስቱንም ዘርዝረው ጽፈውልኝ እኔ ያየሁት ቀበቶውን ብቻ ነበር።

ቁጥር 23 ላይ ጋሼ መጡ። ከሥራ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ቁርስ ሳይቀምሱ 131 ተለክተዋል። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ምልክት ስለሆነ ደንግጠው ነበር። ቁጥር 24 እኔ ነኝ፤ በዚህ ጊዜ አላለፍኳቸውም። ሌሊቱን ምን እንደቀመሱ ጠየቅኳቸው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ዳቦ በሻይ በልተዋል። ቁርስ አልበላሁም ብሎ የሚመጣ የሌሊት ሠራተኛ ሆዱ ባዶ አይደለም፤ ምርመራው የሚጠይቀው ቢያንስ ስምንት ሰዓት ያለ ምግብ ነው፣ መዝገብ ላይ ግን የሚጻፈው በባዶ ሆድ የሚል ነው። ስለዚህ በዕረፍት ቀናቸው ማታ በልተው፣ ተኝተው፣ ጠዋት እንዲለኩ፤ ከተቻለም መብላት አለመብላት የማይለውጠውን፣ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የሦስት ወሩን ምርመራ እንዲጠይቁ ነገርኳቸው።

ቁጥር 25 ትናንት ማታ ገባ። በትክክል ባዶ ሆዳቸውን ተለክተው 162፣ የሦስት ወሩ 7.4 በመቶ። 6.5 ላይ ነው በሽታው የሚባለው፤ እንግዲህ አለባቸው። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል፣ ኩላሊታቸውም ደህና መሆኑ ታይቷል። ከከረጢቱ ላይ የተጻፈው ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር የሚል ነው። ጋሼ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማታ የተባለው ወደ ሥራ ሲወጡ ይሁን ወይስ ጠዋት ሊተኙ ሲሉ፤ እራታቸው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ።

ዛሬ ሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ከመውጣቴ በፊት እንዲህ ብዬ መለስኩላቸው። ጋሼ፣ መድኃኒቱ የሚፈልገው ምግቡን ነው እንጂ የመስኮቱን ብርሃን አይደለም፤ አንዱን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ሊወጡ ሲሉ ከሚበሉት ጋር፣ ሁለተኛውን ጠዋት ቤት ገብተው ከሚበሉት ጋር ማድረግ ይቻላል። ግን በእኔ ቃል ብቻ አይጀምሩ። ነገ ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሰው ሌሊት እንደሚሠሩ ይንገሯቸው፣ ሰዓቱንም በካርድዎ ላይ ያስጽፉ። አልጠየቁኝም ብለዋል፤ እርስዎ ይንገሯቸው።